ደህና ሰው የሚውጠው ክኒን

«ታሞ ከመማቀቅ፣ አስቀድሞ መጠንቀቅ» የሚለውን አባባል የማያውቅ ሰው ካለ እስቲ እጁን ያውጣ። የለም። ጤና ጣቢያው ግድግዳ ላይ ተጽፏል፣ ትምህርት ቤቱ በር ላይ ተጽፏል፣ በዕድር ስብሰባ ላይ ንግግር የሚያምረው ሰው ሁሉ አፉን የሚያሟሸው በእሱ ነው። ጣጣው፣ አባባሉን የምንወደውን ያህል አባባሉን በሥራ ላይ የሚያውለውን ሰው አለመውደዳችን ነው። ሰው ጤና ጣቢያ ሲገባ ካየን «ምን አገኘው?» እንላለን። «ኧረ ምንም አላገኘው፤ እንዲያው ልመርመር ብሎ ነው» ከተባልን ደግሞ ይብስብናል። ምንም ሳያገኘው የሚመረመር ሰው እንዴት ያለ ሰው ነው? አንድ ነገርማ ቢያገኘው ነው! ብለን ነገሩን እዚያው እንቋጨዋለን።

እኔ ይህን ጠባያችንን አሳምሬ አውቀዋለሁ፤ እንጀራዬ ነዋ። ገንዳ ውሃ ላይ የትራክተር መለዋወጫ እሸጣለሁ። «ፊልትሮውን በጊዜ ቀይሩ፣ ዘይቱን በጊዜ ቀይሩ» እያልኩ ስለፈልፍ ፀጉሬ ሸበተ፤ የሚሰማኝ የለም። ሞተሩ ከተቃጠለ በኋላ ግን እጃቸውን ራሳቸው ላይ ጭነው ይመጣሉ። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ማለት ይኸው ነው። ፊልትሮ አልገዛም ያለ ሁሉ በመጨረሻ ፒስተን ከእኔ ይገዛል። እግዜር ይስጣቸው፤ ልጆቼን ያሳደግኋቸው በሰው ቸልተኝነት ነው።

ከደንበኞቼ መሀል ዘይቱ ሳይጠቁር የሚቀይር አንድ ሰው ብቻ አውቃለሁ፤ ደሳለኝ ይባላል። ትውልዱ ጎጃም ነው፤ ለሰሊጥ አጨዳ ብሎ ወደ ቆላ ወርዶ ቀረ፣ ትራክተር መንዳት ተማረ፣ አሁን ኮኪት አካባቢ ባለ ሰፊ እርሻ ላይ ሹፌር ነው። ዝምተኛ ነው። ሲናገርም ከቃሉ ላይ ቆንጠር አድርጎ ነው የሚሰጣችሁ። ሚስቱ የሺ ግን የእሱን ድርሻ ጭምር ታወራለታለች። የደምቢያ ልጅ ናት፤ ከሱቄ ጎን ባለችው ክፍል ልብስ ትሰፋለች፤ የስፌት መኪናዋ ድምፅና የእሷ ሳቅ እየተፎካከሩ ይውላሉ። ሲጋቡ ከደምቢያ ቤተሰቦቿ ዘንድ ሽማግሌ ሆኜ የሄድኩት እኔ ነኝ። ይህን ያዙልኝ፤ በእኛ አገር ሽማግሌ ሆኖ ያጋባ ሰው እንደ ዋስ ነው። ትዳሩ ሲሠምር ማንም አያመሰግነውም፤ የተበላሸ ዕለት ግን በሩን የሚያንኳኩት የእሱን ነው።

አሁን ወደ ነገሬ ልግባ። የአጨዳ ጊዜ ነበር። የእርሻ ካምፕ ያልተጻፈ ሕግ አለው፤ ጫማ የግል ነው፣ ማጭድ የግል ነው፣ መድኃኒት ግን የሁሉም ነው። ወባ የያዘው ሰው ክኒኑን ጀምሮ ነፍሱ መለስ ካለችለት የተረፈውን ለጎኑ ሰው «እንካ፣ አንተም ሰውነቴን ከበደኝ ስትል ነበር» ብሎ ያካፍላል። ጤና ጣቢያ ያለችው ሲስተር ይህን በሰማች ቁጥር እሪ ትላለች፤ ጀምሮ ማቋረጥ ወባውን ያደነድነዋል ትላለች። እውነቷን ነው። ግን እስቲ እናንተ ፍረዱ፤ ታሞ ከመድኃኒቱ የሚያካፍልን ሰው በምን አፍ ትቆጡታላችሁ?

እናላችሁ፣ አንድ ቀን በሪሁን የሚባል የወሎ ሰው በጠራራ ፀሐይ ብርድ ብርድ አለውና ወደቀ። ጓደኞቹ ተሯሯጡ። በካምፑ የነበረው ክኒን አልቋል። ደሳለኝ ተጎታቹን ይዞ ውሃ ሊቀዳ ሄዷል። የመፍቻ ሣጥኑን ከፈቱት፤ በሕጋቸው መሠረት መጠየቅ አያስፈልግም። ከመፍቻዎቹ ሥር በካልሲ የተጠቀለለ የክኒን ጠርሙስ አገኙ። ደስ አላቸው! አንዱ ከፍቶ ሁለት ፍሬ በእጁ ላይ አፍስሶ ለበሪሁን ሊያውጠው ሲል ሌላው እጁን ያዘው። «ተው፣ ይህ የወባ አይደለም። አውቀዋለሁ፤ አክስቴ የምትውጠው ነው» አለ ዝቅ ባለ ድምፅ። የአክስቱን በሽታ ስም አልጠራም፤ ሁሉም ግን ገባቸው። ክኒኖቹን መለሱ፣ ጠርሙሱን በካልሲው እንደነበረው ጠቀለሉ፣ ሣጥኑን ዘጉ። በሪሁንን በጭነት መኪና ኮኪት አድርሰው አሳከሙት፤ ዳነ።

ደሳለኝ ነገሩ መታወቁን ያወቀው በስድብ አይደለም፤ በመረቅ ነው። በማግስቱ ከወጡ በፊት የአጥንት መረቅ ቀረበለት። ቀና ብሎ ሲያይ ሁሉም ሌላ ሌላ ያያል። ጥላ ያለበት መኝታ ተለቀቀለት። ተጎታቹን ከትራክተሩ ለመቀጠል ጎንበስ ሲል «ተወው አንተ፣ እኛ አለን» ይሉታል። ማሽላ እንጀራ ሲጠቀጥቁ የኖሩ ሰዎች ከየት እንዳመጡት እንጃ፣ ለእሱ የጤፍ እንጀራ መጣለት። ካቦው ራሱ፣ አፉ ከእሾህ የማይሻል ሰውዬ፣ «ደሴ፣ ደክሞህ ከሆነ ረፍት አድርግ» አለው። እንዲህ ሲንከባከቡት ጊዜ ሰውነቱ ሞላ፤ ሲሞላ ደግሞ «አያችሁ፣ መድኃኒቱ አሳበጠው» ብለው አለቀሱለት። እነዚህ ከጎጃምና ከወሎ ለቀን ሥራ የወረዱ፣ ራሳቸው ከወባና ከጊንጥ የተረፉ ሰዎች ናቸው።

ደሳለኝ «ተሳስታችኋል፣ ደህና ነኝ» ማለት ይችል ነበር። አላለም። ለምን እንዳላለ እደርስበታለሁ።

ወሬ ደግሞ እንደ ሰሊጥ መኪና እስኪጫንለት አይጠብቅም፤ ከባለቤቱ ቀድሞ ገንዳ ውሃ ገባ። ካምፑ መረቅ ያቀረበለትን ሰው ከተማው ምላስ አቀረበለት። «ያን የመሰለ ጨዋ!» አሉ። «ያችን የመሰለች ልጅ ሊጨርሳት!» አሉ። ሴቶች ፊታቸውን የለቅሶ ቤት ፊት አድርገው የሺ ዘንድ እየገቡ «አይዞሽ እቴ» ይላሉ፤ አንዳንዷ ለሐዘኔታ ያልተቀደደ ቀሚስ አምጥታ «ጠግኚልኝ» ትላለች፤ ሌላዋ ደግሞ የሰጠችውን ጨርቅ ሳይሰፋ መልሳ ትወስዳለች። የየሺ ሳቅ ከጎኔ ጠፋ፤ የስፌት መኪናው ብቻ ቀረ። ወሬ ቢነግሩህ መላ ጨምር ይባላል፤ እኔ መላውን ትቼ ንዴት ጨመርኩበት። የሞተር ዘይት ሳይጠቁር የሚቀይር ሰው እንዴት የሚስቱን ነገር እንዲህ ቸል ይላል እያልኩ ብቻዬን ስብከነከን ሰነበትኩ።

ወሬው ደምቢያ ደረሰ። ተዘግቶ የሰነበተው መንገድ በተከፈተ ዕለት በመጀመሪያው የጎንደር አውቶቡስ የየሺ ታላቅ ወንድም፣ አያ ተገኘ፣ ከተፍ አለ። ቁመቱ ከበር ጉበን ይደርሳል፤ ላቡን እየጠረገ በቀጥታ ወደ ሱቄ መጣ እንጂ ወደ እህቱ አልሄደም።

«ጋሼ፣ የዳሩብን እርስዎ ነዎት» አለኝ፣ ሳይቀመጥ። «እናቴ ልጄን ሳትይዝ እንዳትመለስ ብላኛለች። እኔም ሳልይዛት አልመለስም። እሑድ ሰውዬውን ያስጠሩልኝ፤ ፊት ለፊት አፍርሰን እንለያይ።»

እውነቱን ነው። በሌላ በኩል ደግሞ ሁለቱን አውቃቸዋለሁ፤ ያችን ልጅ ከዚያ ልጅ መለየት ማለት ሁለቱንም መግደል ነው። ስለዚህ ሽማግሌ ሲጨንቀው የሚያደርገውን አደረግሁ፤ የሚያውቅ ሰው ልጠይቅ ብዬ ወደ ጤና ጣቢያ ሄድኩ።

«ሲስተር፣ እንደው አንድ ባል ቫይረሱ ቢኖርበት፣ ሚስቱ ደግሞ ደህና ብትሆን፣ ቤታቸው ሳይፈርስ የሚኖሩበት ዘዴ የለም?» አልኳት።

ሲስተር በሩን ገርበብ አደረገች። «ጋሼ፣ እኔ ስለማንም ቤት አልናገርም። ስለ መድኃኒቱ ግን እስኪበቃዎት እነግርዎታለሁ» አለች፤ ነገረችኝም። ዱሮ የዓለም ሊቃውንት የሚጨነቁት የተያዘው ሰው እንዴት ይኑር እያሉ ነበር አሉ። አሁን ያልተያዘውስ ሳይያዝ እንዴት ይኑር የሚለው ከዚያ ባላነሰ ያስጨንቃቸዋል። ለዚህ በየቀኑ የሚዋጥ ክኒን ወጣ፤ እኛም ዘንድ አለ። ቀጥሎ በየሁለት ወሩ የሚወጋ መርፌ መጣ። ከዚያም በዓመት ሁለት ጊዜ ብቻ የሚወጋ ተገኘና አገሮች እየተሻሙበት ነው፤ ወደኛም ይደርሳል ይባላል። ሴት ልጅ ማንንም ሳታስፈቅድ ራሷ በሰውነቷ ውስጥ የምታኖረው ቀለበት አለ። በወር አንዴ የሚዋጥ ክኒንም እየሞከሩ ነው።

«ክኒኑ የሚሠራ ከሆነ መርፌውን ምን አመጣው?» አልኳት፤ ነጋዴ ነኝና ዕቃ ለምን እንደሚቀየር ሳይገባኝ አልወድም።

«ክኒኑ የሚሠራው ሲዋጥ ነው ጋሼ» አለች። «ጠርሙሱን ጎረቤት ያየዋል። ኮሽ ሲል ይሰማል። ብዙ ሰው የሚያቋርጠው ክኒኑ ከብዶት ሳይሆን የሰው ዓይን ከብዶት ነው። ስለዚህ ምርምሩ ወደዚያ አዘነበለ፤ እንዴት አድርገን ሸክሙን እናቅልለት፣ እንዴትስ ከዓይን እንሰውርለት ወደሚለው።»

ባሕር ማዶ ቤተ ሙከራ ውስጥ የተቀመጡ ሰዎች የእኛን ሰፈር ሰዎች እንዲህ አሳምረው ያውቋቸዋል ብዬ አስቤ አላውቅም ነበር። ልወጣ ስል ሲስተር እጄን ያዝ አድርጋ «ለማን እንደሚሰጥ ግን ልብ ይበሉ። ለተያዘው አይደለም፤ ለደህናው ነው። ክኒኑን የሚውጠው ደህናው ሰው ነው» አለችኝ። ሰማሁሽ አልኳት። ደግማ አለችኝ። አረጀ ብላ ይሆናል ብዬ ትንሽ ቅር እያለኝ ሄድኩ።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ግቢዬ ውስጥ ካለችው የኒም ዛፍ ሥር ተቀመጥን፤ አያ ተገኘ፣ ደሳለኝ፣ የሺና እኔ። ባለቤቴ ከርከዴ አቅርባ ገለል አለች። ደሳለኝ ለሰላምታ ተነሥቶ እጁን ቢዘረጋ አያ ተገኘ አልጨበጠውም። ደሳለኝ እጁን ወደ ጉልበቱ መልሶ ተቀመጠ። ፊቱ ላይ ቅያሜ እንኳ አልነበረም። የሺ አንገቷን ደፍታ የነጠላዋን ጫፍ ትጠቀልላለች።

እኔ ጉሮሮዬን ጠረግሁ። መቼም ሽማግሌ አዲስ ነገር ሲያውቅ ያሳፍራል፤ የሲስተርን ትምህርት ከራሴ ያፈለቅሁት አስመስዬ ለቀቅኩት። ስለ ዓለም ሊቃውንት ተናገርኩ፤ ስለ ክኒኑ፣ ስለ መርፌው፣ ስለ ቀለበቱ ተናገርኩ። አያ ተገኘ እህቱ ፊት ቀለበት ስል በዓይኑ ገሠጸኝ። ወደ ፍርዱ ገባሁ። «ስለዚህ ልጆቼ፣ ቤት ማፍረስ አያስፈልግም። ደህናው ሰው የሚውጠው ክኒን አለ። የሺ ደህና ናት፤ እሷ በየቀኑ ትዋጥ፣ እሱም የራሱን መድኃኒት ይውሰድ፣ በሰላም ኑሩ። አንተም ተገኘ፣ ሂድና እናትህን አጽናና።»

በጣም ጥሩ ፍርድ መሰለኝ። የሺ ሳቀች። ስንት ቀን የናፈቀኝ ሳቅ ነበር፤ ግን ሳይጨርስ ወደ ለቅሶ ዞረ።

«ጋሼ፣» አለች፣ «ደህናው ሰው የሚውጠውንማ እየዋጠው ነው።»

እኔ የሲስተር እጅ እጄ ላይ የተመለሰ ያህል ተሰማኝ።

ደሳለኝ «የሺ፣ ተይ» አለ። «አልተውም። ይበቃል» አለችና ወደ ወንድሟ ዞረች። «አያ፣ ቫይረሱ ያለው በእኔ ደም ውስጥ ነው። ሳንጋባ ነግሬዋለሁ። ሄዶ ያስብ፣ ይቀርም ይሆናል ብዬ ነበር። በማግስቱ መጥቶ ‹ታዲያ እኔ ምን ልዋጥ?› አለኝ። ይኸው እየዋጠ ነው። እኔም መድኃኒቴን ጀምሬአለሁ፤ የእኔ እስኪረጋ ድረስ እሱ እንዲጠበቅ ሲስተር የሰጠችው ነው ያ ከእኔ መድኃኒት ጋር የሚመሳሰል ክኒን። ካምፕ ሲያገኙበት ደህና ነኝ ቢል፣ ታዲያ ክኒኑ ምንድነው ይሉታል። ያን ጊዜ ነገሩ ወደኔ ይመጣል። ስለዚህ ዝም አለ። እኔም አፍሬ፣ ፈርቼ፣ እሱ ሲሰደብ ዝም አልኩ።»

ከየት እንደመጣባት አልጠየቅናትም፤ እሷም አልነገረችንም። አያ ተገኘ ያ ከበር ጉበን የሚደርስ ቁመቱ ሁሉ ወንበሩ ላይ አለቀ። ከዚያ ወደ ደሳለኝ ዞረ።

«አንተ ደህና ነህ?»

«እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደህና ነኝ።»

«ይህ ሁሉ ስም ሲሰጥህ... ምነው ጥለሃት አትሄድም ነበር?»

ደሳለኝ ጥያቄው ከልቡ እንዳልገባው ሰው አየው። «የት?» አለ።

እኔ በሽምግልና ዕድሜዬ ብዙ የፍቅር ንግግር ሰምቻለሁ፤ መሐላውን፣ ቅኔውን፣ እንባውን። ይህችን የምታህል አልሰማሁም። አያ ተገኘ ተነሣና ጉልበቱን ሊስም ጎንበስ አለ፤ ደሳለኝ ደንግጦ ትከሻውን ያዘና አቆመው። እንደዚያው ተያይዘው ቆሙ። የሺ ታለቅሳለች። እኔ ስለ ከርከዴው ብርጭቆ የማስብ መስዬ ዓይኔን ጠረግሁ።

ነገሩ ግን አላለቀም። አያ ተገኘ «እናቴን ምን ልበላት?» አለ። የሺ ፊቷ አመድ መሰለ። እናቷ ባላቸውን በቅርብ የቀበሩ፣ ልባቸው የደከመ ሴት ናቸው። «አያ በእናትህ፣ ለእማዬ አትንገርብኝ። አሁን አይሆንም። እኔው ራሴ አንድ ቀን እነግራታለሁ» ብላ እጁን ያዘችው። እሱ ደግሞ ባዶ እጁን ተመልሶ እናቱ ፊት ምን እንደሚል ቸገረው። ልጄን ሳትይዝ ብለውታላ። እኔ፣ አዋቂው ሽማግሌ፣ ከርከዴ ጨመርኩላቸው።

ደሳለኝ ነው መላ ያመጣው። «እሱ ነው የታመመው፣ እሷ ግን አልለየውም ብላለች በላቸው» አለ። «እኔን እንደሆነ ለምደውኛል።»

እንዲህ ሆኖ አለቀ። ደሳለኝ ወደ ካምፑ ተመለሰ፤ ሰዎቹ እንደወትሮው ጥላውን ለቀቁለት፤ መረቁን አልገፋም። አንድ ቀን ግን ከመካከላቸው አንዱ ለብቻው ነጥሎት «ደሴ፣ አንተን ሳይህ ያስፈራኝ የነበረው ቀለለኝ። መመርመር እፈልጋለሁ፤ ከኔ ጋር ትሄዳለህ?» አለው። ይዞት ሄደ። ከዚያ ሌላውም መጣ። እንግዲህ በዚያ ካምፕ ደህና የሆነው ሰው ታማሚ መስሎ፣ ታመናል ብለው የሚሰጉትን ወደ ሲስተር ያመላልሳል። የገንዳ ውሃን ምላስ ግን ማንም ምርምር ገና መድኃኒት አላገኘለትም።

የየሺ ደም አሁን ረግቷል፤ ቫይረሱ በምርመራ እንኳ የማይታይበት ደረጃ ደርሷል። እንዲህ ከሰነበተ ወደ እሱም አይተላለፍም፣ የእሱንም ክኒን በቅርቡ ላቆምለት እችላለሁ ብላለች ሲስተር። የሺ ይህን ስትነግረኝ ሳቋ ከስፌት መኪናዋ በለጠ። ልጅም አስበዋል።

ከደምቢያ ደግሞ ከጎንደር አውቶቡስ ላይ በየጊዜው ጀሪካን ይወርዳል። እናቷ ናቸው የሚልኩት፤ ጠበል ነው። በአያ ተገኘ በኩል የሚደርሰው የእናትየው መልእክት ሁልጊዜ አንድ ነው፤ «ለአማቼ ብቻ ነው፣ በእምነት ይጠጣ፣ ሌላ ሰው እንዳይነካብኝ።» ደሳለኝ ጀሪካኑን ተሸክሞ ይገባና የመጀመሪያውን ብርጭቆ ቀድቶ ለየሺ ይሰጣታል፤ እሷም ክኒኗን በዚያ ታወራርዳለች። እናት ደምቢያ ተንበርክከው ለሌላ ሰው ልጅ ይለምናሉ፤ ልመናው የገዛ ልጃቸው ጉሮሮ ውስጥ ይወርዳል።

ይህን እንድጽፍ ፈቅደውልኛል፤ ስምና መንደር ለውጫለሁ። የሺ አንብቤላት ከጨረስኩ በኋላ «ጥሩ ነው ጋሼ» አለችኝ። እናቷ ፊደል አልቆጠሩም። የቆጠራችሁ ግን፣ ምናልባት በአንዱ መንደር በኩል ስታልፉ ለአማቻቸው ጠበል የሚያስቀዱ ሴት ብታገኙ፣ አደራችሁን ጀሪካኑን አግዟቸውና እለፉ።